ወደ አዋሽ ፓርክ፦ አራዊት ለማየት የሚደረግ ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

«ሳፋሪ» በስዋሂሊ ቋንቋ ጉዞ ማለት ነው፤ ሥሩም ከዓረብኛ የመጣ ነው። ዛሬ ግን ቃሉ ሲጠራ በብዙ ሰው አእምሮ የሚመጣው ጉዞው ሳይሆን አንበሳውና ዝሆኑ ነው። ስለዚህም ሰው ጉዞውን ሳያሰላ አውሬውን ብቻ ተመኝቶ ይነሣል፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ይደርሳል፤ በአውቶቡስ መስኮት ግራና ቀኝ አይቶ «ኧረ ምንም የለም እኮ!» ብሎ ይመለሳል። ገንዘብ ወጣ፣ ቀን ተቃጠለ፣ ትምህርት ግን አልተገኘም። እጩ መምህራን ነገ ሃምሳና ስልሳ ተማሪ ይዘው የሚወጡ ናቸውና ነገሩን ከወዲሁ ማወቅ ይበጃቸዋል።

ለምሳሌ የምንወስደው የአዋሽን ብሔራዊ ፓርክ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1966 ተቋቁሞ በ1969 በሕግ የታወጀ ሲሆን፣ ስፋቱ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ ከ200 ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ ይላል። በሞጆ፣ በአዳማና በወለንጪቲ አድርጎ መተሐራን ሲያልፉ ይገኛል፤ የጅቡቲ አውራ ጎዳናም ሰንጥቆት ያልፋል።

በመጀመሪያ ምን እንደሚታይ እንወቅ። ዝሆን የፈለገ ባቢሌን ወይም ጨበራ ጩርጩራን ያስብ፤ አዋሽ ላይ አያገኝም። የአዋሽ ዋና ሀብት ሳላ ነው፤ ቀጥ ያለ ረጅም ቀንድ ያለው፣ ፊቱ ላይ ጥቁርና ነጭ ቀለም የተቀባ የሚመስለው። ከእሱም ሌላ የሜዳ ፍየል፣ አምባራይሌ፣ እንሹ፣ ከርከሮ፣ በወንዙ ውስጥ አዞና ጉማሬ አሉ። አዕዋፉማ ከ450 ዝርያ በላይ ናቸው። አንበሳ እምብዛም አይታይም፤ «አንበሳ እናሳያችኋለን» ብሎ ተማሪ የሚቀሰቅስ መምህር ቢኖር ከወዲሁ ዝም ቢል ይሻለዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የሰዓት ጉዳይ ነው። ከአዲስ አበባ ንጋት 12 ሰዓት የተነሣ ቡድን በሩ ላይ የሚደርሰው ጠዋት 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ ነው። ይህ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ሰዓት ነው። ለምን ቢባል መልሱ በሳላው አካል ውስጥ አለ። እኛ ሲሞቀን በላብ እንቀዘቅዛለን፤ ላብ ግን ውኃ ነው። ሳላ የሚኖረው ውኃ በማይባክንበት አገር ስለሆነ ሲጠማ ላቡን ይቆጥባል፤ በምትኩ የሰውነቱ ሙቀት ከፍ እንዲል ይፈቅዳል። ሙቀቱ እስከ 45 ዲግሪ ሊደርስ እንደሚችል በምርምር ተረጋግጧል። ሰው 42 ዲግሪ ላይ ለሞት ይቃረባል። ታዲያ የሳላው አንጎል እንዴት አይቃጠልም? ወደ አንጎሉ የሚሄደው ደም መጀመሪያ በጣም በቀጫጭን የደም ሥሮች መረብ ውስጥ ያልፋል። ይህን መረብ የከበበው ደግሞ ከአፍንጫ የሚመለስ፣ በትንፋሽ የቀዘቀዘ ደም ነው። ትኩሱ ለቀዝቃዛው ሙቀቱን ያስረክባል፤ አንጎሉም ከቀረው አካል ቀዝቀዝ ብሎ ይውላል። ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት ሌሊት ለቀዝቃዛው አየር ይለቃል።

ይህ ሁሉ ዘዴ እያለውም ሳላ እኩለ ቀን ላይ አይሯሯጥም። ግራር ጥላ ሥር ድርቅ ብሎ ይቆማል፤ ግራጫ ቆዳው ከአቧራው ጋር አንድ ይሆንና ዓይን ይስተዋል። «የለም» የሚባለው አውሬ ሃምሳ ሜትር ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ንጋት ላይ ግን በኢላላ ሳላ ሜዳ ገላጣ ቦታ ወጥቶ ሲግጥ ይታያል። ስለዚህ ጉዞው ሁለት ቀንና አንድ ሌሊት መሆን አለበት። ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ገብቶ እስከ 12 ሰዓት መጎብኘት፤ ሌሊቱን ወንዝ ዳር ባለው የድንኳን ሥፍራ ወይም መተሐራ ማደር፤ እሑድ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋት 3 ሰዓት ደግሞ ዋናውን ሥራ መሥራት ነው።

ወሩን በሚመለከት ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመረጣል። ክረምት ላይ ፏፏቴው ግርማ ሞገስ አለው፤ መንገዱ ግን ጭቃ፣ ሣሩም ረጅም ነው።

ፏፏቴው ዘንድ የደረሰ ሰው ዝንጀሮዎቹን ሳያስተውል እንዳይሄድ። ከፏፏቴው በላይ ተራው ዝንጀሮ፣ ከታች በገደሉ በኩል ደግሞ ነጭ ዝንጀሮ ይኖራል። በሁለቱ መካከል ተዳቅለው የተወለዱ አሉ። የነጩ ዝንጀሮ ወንድ ጥቂት ሴቶችን አጅቦ ይሄዳል፤ ወደ ኋላ የቀረችውን ማጅራቷን ነክሶ ይመልሳል። የሌላው ዝርያ ሴቶች ግን እንዲህ አይታጀቡም። በሁለቱ ጠረፍ ላይ ያሉት ድቅሎች እንዴት እንደሚኖሩ ለማወቅ የውጭ ተመራማሪዎች ለዓመታት አዋሽ ተመላልሰዋል፤ እኛ ግን አጠገቡ ሆነን ብስኩት እንወረውርላቸዋለን! ምግብ መስጠት ክልክል ነው። ሰው እጅ የለመደ ዝንጀሮ መንጠቅ ይጀምራል፤ ጥርሱም ቀልድ አያውቅም።

የቀሩትን ባጭሩ እንንገር። ትልቅ አውቶቡስ ለውስጡ መንገድ አይሆንም፤ ቅጥቅጥ ወይም ላንድክሩዘር ይሻላል። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 4 ሊትር ውኃ ይያዝ። በሶና ዳቦ ቆሎ ሙቀት ስለማያበላሻቸው ጥሩ ስንቅ ናቸው። ሸለቆው ወባማ ነውና አጎበር አይረሳ። ወንዙ ውስጥ መዋኘት የለም፤ አዞ አለ። በእግር ለመሄድ የፓርኩ ጠባቂ የግድ ነው። የመግቢያ ዋጋ ስለሚለዋወጥ የትብብር ደብዳቤውን ስንልክ አብረን እንጠይቅ። ስለ ፈንታሌም እንዲሁ። 2,007 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ እሳተ ገሞራ በፓርኩ ክልል ውስጥ ነው። በ2017 ዓ.ም. በአካባቢው በተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ተነሥቷል። ከመነሣት በፊት የቦታውን ሁኔታ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ማጣራት ከቁጥር አንድ ሥራዎች የሚቆጠር ነው።

በመጨረሻ የምናነሣው የከብቱን ነገር ነው። ብዙ ጎብኚ «አውሬ ልናይ ሄደን ላምና ግመል አየን» እያለ ያማርራል፤ እረኛውንም እንደ ጥፋተኛ ይቆጥረዋል። ከሳላው ጋር ሣር መሻማታቸው እውነት ነው። ሆኖም የከረዩ፣ የኢቱና የአፋር አርብቶ አደሮች ፓርኩ ከመከለሉ በፊትም በዚሁ ምድር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የመተሐራ የሸንኮራ አገዳ እርሻ የወንዙን ዳር ያዘ፤ ፓርኩም ሜዳውን ያዘ፤ በሌላ በኩል የበሰቃ ሐይቅ በዚያን ጊዜ ከነበረበት 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ከ40 በላይ እስኪሆን ድረስ ሰፋ። በበጋ ወንዝ ዳር መድረስ ያቃተው እረኛ ከብቱን ወዴት ይንዳ? አንድ ተማሪ ይህን ቢጠይቀን የምንሰጠው መልስ ከወዲሁ ሊታሰብበት ይገባል።

ስለዚህ በእቅዳችን ውስጥ አንድ ሰዓት ለእነዚህ ሰዎች እንመድባለን። ከመኪና ውስጥ ሆኖ ፎቶግራፍ ማንሣት አይደለም። ወርዶ «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ፣ አስተርጓሚ ይዞ፣ አባቶችን ስለ ሳላው መጠየቅ ነው፦ በልጅነታችሁ ብዙ ነበር ወይ? ወዴት ነበር የሚሄደው? መልሱን በየቡድኑ አንድ ጸሐፊ ይመዘግባል።