ለአዲስ ውሻ የሚያስፈልጉ ዕቃዎችና የባለሱቁ ኀላፊነት

ውሻ ከጥንት ጀምሮ የኢትዮጵያ ቤት ጠባቂና የእረኛ ጓደኛ ሆኖ ኖሯል። በገጠር የቤቱን ትራፊ እየበላ በደጅ ስለሚያድር ከጌታው ብዙ ዕቃ አይፈልግም። በከተማ ግን ኑሮው በአጥር ውስጥ ስለ ሆነ ጌታው አስቀድሞ ሊያዘጋጅለት የሚገባ ነገር አለ። ይሁን እንጂ ቡችላ አግኝቶ ወደ ሱቅ የሚመጣ ደምበኛ ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልገውን ለይቶ አያውቅም፤ የሚመራው በባለሱቁ ቃል ነው። ስለዚህ የሚጠቅመውንና የሚጐዳውን ባለሱቁ ራሱ አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ነገር በሱቅ መደርደሪያ ላይ የሚገኝ አይደለም፤ ይኸውም የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ነው። ይህ በሽታ በሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ በሽተኛው የሚድንበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። በሰው ላይ ከሚደርሰውም እስከ 99 ከመቶ የሚሆነው ከውሻ የሚመጣ መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት ያስታውቃል። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ የሚጠበቅና በእንስሳት ሐኪም እጅ የሚሰጥ ነው። ቡችላው 3 ወር ገደማ ሲሆነው ይወጋል፤ ከዚያም ሐኪሙ በሚወስነው ጊዜ ይደገምለታል። ባለሱቁ በአቅራቢያው የሚገኘውን የእንስሳት ክሊኒክ አድራሻ ጽፎ ለደምበኛው ቢሰጥ አንዳች ወጪ የለበትም፤ የአንድ ቤተ ሰብ ሕይወት ግን ሊያተርፍ ይችላል። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» እንደሚባለው፣ ይህ አንድ ነገር የታለፈበት ቤት ለትልቅ አደጋ በር ይከፍታል።

ሁለተኛው የአንገት ማሰሪያና መያዣ ጠፍር ነው። ማሰሪያው ዘለበትና ብዙ ቀዳዳ ያለው ቢሆን ቡችላው ሲያድግ እየላላ ያገለግላል። ልኩም በማሰሪያውና በአንገቱ መካከል ሁለት ጣት የሚያስገባ መሆን አለበት። ኢትዮጵያ ቆዳ የሚያለፉ ፋብሪካዎችና በቆዳ ሥራ የሠለጠኑ ባለሙያዎች ስላሏት ይህን ዕቃ በውጭ ምንዛሪ ማስመጣት ግድ አይደለም። ልኩን አስታውቆ ለአገር ውስጥ ሠሪ የሚያዝ ነጋዴ ዕቃውን በቅርብ ያገኛል፤ ጉድለት ቢኖረውም ቶሎ ያሳርማል።

ሦስተኛው ሁለት ጎድጓዳ ሳህን፣ አንዱ ለምግብ፣ ሁለተኛው ለውሃ ነው። ቡችላ ጥርሱ ሲወጣ ያገኘውን ሁሉ ስለሚያኝክ ከፕላስቲክ ይልቅ የማይዝግ ብረት ይሻላል። ውሃው ቀንና ሌሊት ሊለየው አይገባም። ለመኝታም አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለ ሆነች፣ በክረምት ሲሚንቶ ላይ የሚያድር ቡችላ በብርድ ይጐዳል። ወለሉ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ዝናብ የማያስገባ የሣንቃ ቤትና የሚታጠብ ምንጣፍ ይበቃዋል።

አራተኛው ምግብ ነው። የቡችላና ያደገ ውሻ ምግብ የተለያየ ስለ ሆነ ባለሱቁ የውሻውን ዕድሜ ሳይጠይቅ ሊሸጥ አይገባም። ቡችላ በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ ይመገባል። የለመደው ምግብ በአንድ ቀን ቢለወጥበት ተቅማጥ ይይዘዋል፤ አዲሱ ከአሮጌው ጋር እየተቀላቀለ በጥቂት ቀናት ውስጥ መተካት አለበት። ከጆንያ እየተቀዳ በኪሎ የሚሸጠው ምግብ በየከረጢቱ ላይ የሚያበቃበት ቀን ሊጻፍበት ይገባል። ደምበኛውም የወጥ ትራፊ እንዳይሰጥ ይነገረው፤ ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጐዳልና። ቸኮላትና ዘቢብም መርዝ ይሆኑበታል፤ የተቀቀለ አጥንት ደግሞ እየተሰነጠረ አንጀቱን ይወጋል።

አምስተኛው የቁንጫ፣ የመዥገርና የሆድ ትል መድኃኒት ነው። ከውሻ ትሎች አንዳንዶቹ ወደ ሕፃናት ስለሚተላለፉ ይህ የቤተ ሰቡም ጤና ጕዳይ ነው። መድኃኒቱ በውሻው ክብደት የሚመጠን ስለ ሆነ ያለ ሐኪም ምክር በግምት አይሰጥም። በተለይም ፐርሜትሪን የተባለው ለውሻ የሚሆን የመዥገር መድኃኒት ድመትን ሊገድል ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን መድኃኒት ለመሸጥ ፈቃድ ያለው ነጋዴ «በቤትዎ ድመት አለ ወይ?» ብሎ ሳይጠይቅ እንዳይሸጥ ያስፈልጋል።

እነዚህ ከተሟሉ በኋላ ማበጠሪያ፣ የውሻ ሳሙናና የሚታኘክ መጫወቻ ቢጨመሩ መልካም ነው፤ ልብስና ጌጥ ግን ለቆየ ገንዘብ የሚተው ነው። አስመጪውም ገንዘቡን በጌጥ ላይ ከማሰር ይልቅ ደምበኛው በየወሩ ተመልሶ የሚገዛውን ምግብ፣ የሚያበቃበትን ቀን እያስተዋለ ቢያስመጣ ይጠቀማል። ውሻ አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ሊኖር የሚችል እንስሳ ነው። በመጀመሪያው ቀን እውነተኛ ምክር ያገኘ ደምበኛ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ወደዚያው ሱቅ ይመለሳል፤ በመጀመሪያው ቀን የተታለለ ግን ሁለተኛ አይመጣም።