ማስታወቂያ ማውጣት ብቻ ሳይሆን ማንሣትም ይገባል

አንድ ሥራ ፈላጊ ወጣት ከአምባ ጊዮርጊስ ተነሥቶ፣ ለመኪና ከፍሎና የትምህርት ማስረጃውን ይዞ ጎንደር ቢገባ፣ ከቀጣሪው ደጃፍም «ቦታው ከተያዘ ሰንብቷል» ቢባል፣ ጥፋቱ የማን ነው? ወጣቱ በኢንተርኔት ያነበበውን አምኖ መጣ እንጂ አልተሳሳተም። ጥፋቱ ማስታወቂያውን ካወጣ በኋላ ማንሣቱን የዘነጋው ቀጣሪ ነው።

ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ በሚታተመው በአዲስ ዘመን ጋዜጣ የሚወጣ ማስታወቂያ የወጣበት ቀን ከራስጌው ስላለ፣ ማርጀቱን ራሱ ይመሰክራል። ዛሬ ግን ያው አንድ ክፍት ቦታ በድርጅቱ ድረ ገጽ፣ በቴሌግራምና እንደ ኢትዮጆብስ ባሉ የሥራ ማስታወቂያ ገጾች ላይ በአንድ ጊዜ ይወጣል። ቦታው ሲያዝ ከአንዱ ቢነሣ በሌላው ተረስቶ ይቀራል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ የሚሆነው ባለሙያዎች ኤ.ፒ.አይ. የሚሉት አሠራር ነው። ነገሩን በመዝገብ ቤት መስለን እናስረዳ። ባለጉዳይ ወደ መዝገቡ ክፍል አይገባም፤ ጽሑፉን በታዘዘው አኳኋን አዘጋጅቶ በመስኮት ያቀርባል፤ ጸሐፊው መዝግቦ ቍጥር ይሰጠዋል። ኤ.ፒ.አይ.ም እንዲሁ በአንድ ኮምፒዩተርና በሌላው መካከል ያለ መስኮት ነው። በእርሱም አማካይነት አራት ሥራ ይሠራል፤ አዲስ ማስታወቂያ ማስገባት፣ የገባውን ማንበብ፣ ማረምና መሰረዝ። ስለዚህ ድርጅቱ አንድ መዝገብ ብቻ ይይዛል፤ በዚያ መዝገብ «ተይዟል» ብሎ ሲጽፍ፣ መስኮት በከፈቱለት ገጾች ሁሉ ለውጡ በቅጽበት ይደርሳል። ቴሌግራም ይህን መስኮት ለቦቶች የከፈተው በ2007 ዓ.ም. ሲሆን፣ በሰሌዳው ላይ የወጣውን ጽሑፍ በዚያው ማረም ይቻላል።

ክቡራን አባሎቻችን ይህን ሥራ ለባለሙያ ሲሰጡ አራት ነገር እንዲያስቡ እንመክራለን።

አንደኛ፣ የመዝጊያ ቀን የሌለው ማስታወቂያ በመዝገቡ እንዳይገባ ይከልከል። ጎግልም ጊዜው ያለፈ የሥራ ማስታወቂያ እንዲነሣ ያዝዛል።

ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ ክፍት ቦታ የራሱ ቍጥር ይሰጠው። መስመር ተቋርጦ መልእክቱ ሁለት ጊዜ ቢላክ፣ ተቀባዩ ቍጥሩን አይቶ አንዱን ብቻ ይመዘግባል።

ሦስተኛ፣ ለመስኮቱ መግቢያ የሚሰጠው ምስጢራዊ ቁልፍ እንደ ድርጅቱ ማኅተም ይጠበቅ። ቁልፉን ያገኘ ሰው በድርጅቱ ስም ሐሰተኛ ማስታወቂያ አውጥቶ ከድኻ ልጅ ገንዘብ ሊቀበል ይችላል።

አራተኛ፣ የአመልካቾች ስም፣ ስልክና ማስረጃ ለሚመለከተው ብቻ ይታይ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 ይህን ግዴታ አድርጎታል።

ይሁን እንጂ ኢንተርኔት ብቻውን አይበቃም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበረ የሚዘነጋ የለም። ስለዚህ ከዚያው መዝገብ በየሳምንቱ ዝርዝር ታትሞ፣ የታተመበት ቀን ተጽፎበት፣ በየከተማው በሰሌዳ ቢለጠፍ መልካም ነው። አዲሱ ዝርዝር ሲለጠፍም አሮጌው ይነሣ።

ማስታወቂያ የነጋዴ ቃል ነው። ነጋዴ የሸጠውን ዕቃ ከመደርደሪያው እንደሚያነሣ፣ የያዘውን የሥራ ቦታም ከሰሌዳው ያንሣ። ይህን ማድረግ ለቀጣሪው የጥቂት ጊዜ ሥራ ሲሆን፣ ለአምባ ጊዮርጊሱ ወጣት ግን ከከንቱ መንገድና ከከንቱ ወጪ መዳን ነው።