መካንነትና የሰውነት የመከላከል ኃይል

በወላይታ ሶዶና በዙሪያዋ ባሉ አጥቢያዎች ልጅ ያልወለዱ ባለትዳሮች ለምክር ወደ ካህናት ሲመጡ፣ ነቀፋው አስቀድሞ በሚስት ላይ ሲወድቅ እናያለን። ምክንያቱ ግን ከባልም ሊሆን ይችላል፤ አንዱን እንመልከት።

የሰውነታችን የመከላከል ኃይል የራሱን ሕዋሳት ከባዕድ መለየት የሚማረው ከልጅነት ጀምሮ ነው። የወንድ ዘር ሕዋስ ግን መፈጠር የሚጀምረው በጉርምስና ስለሆነ እንደ ባዕድ ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ በሰውም ሆነ በከብት፣ በቆለጥ ውስጥ እርስ በርሳቸው የተጣበቁ ሕዋሳት እንደ አጥር ሆነው ዘሩን ከደም ይለዩታል። ይህ አጥር በአደጋ፣ በቀዶ ሕክምና ወይም በኢንፌክሽን ሲጎዳ፣ ሰውነት በገዛ ዘሩ ላይ ፀረ እንግዳ አካላትን ሊያመነጭ ይችላል። እነዚህም የዘር ሕዋሳቱን እርስ በርስ ያጣብቃሉ፤ ወደ እንቁላሉ የሚያደርጉትንም ጉዞ ያደናቅፋሉ። ባልየው ግን ምንም ሕመም ላይሰማው ይችላል።

መካንነት ሌሎች ብዙ መንስኤዎችም ስላሉት፣ የትኛው እንደሆነ የሚለየው በምርመራ ነው። የባል ምርመራ የሚጀምረው የዘር ፈሳሽ ናሙና በመስጠት ነው።

ስለዚህ የተከበራችሁ አባቶች ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ጸሎቱ ሳይቋረጥ ባልና ሚስት አብረው ወደ ሐኪም እንዲሄዱ ትመክሩ ዘንድ አደራ እንላለን። ሳይመረመር የሚፈረድ ፍርድ ንጹሕ ትዳርን ያፈርሳልና።