ጸናጽል አይበጠርም

ነሐሴ 16 ቀን ሰቆጣ ውስጥ ከበሮ በሁለት ወገን ይመታል። ሌሊቱን ካህናቱ ለፍልሰታ ማኅሌት ይመቱታል፤ ሲነጋ ደግሞ ለሻደይ ጨዋታ የሚወጡ ልጃገረዶች ይረከቡታል። ጸናጽል ግን ከልጃገረዶቹ ጋር አይወጣም። እንግዳ ከበሮውን ያደንቃል፣ ጭፈራውን ፎቶ ያነሳል፤ ስለ ጸናጽሉ የሚጠይቅ አላጋጠመኝም። 

ጸናጽል ቀላል ዕቃ ነው፦ እጀታ፣ ሁለት ቋሚ፣ በመካከላቸው የተጋደሙ ሁለት ዘንጎች፣ በዘንጎቹ ላይ ቅጠል የሚባሉ ስስ ክብ ብረቶች። ከናስ ወይም ከብር ይሠራል። ሊቃውንቱ ለእያንዳንዱ ክፍል ምሥጢር አላቸው፤ አምስቱን ቅጠሎች በአምስቱ አዕማደ ምሥጢር ይመስሏቸዋል። ቃጭል ሌላ ነው፤ እሱን ዲያቆኑ መሥዋዕቱ ከቤተ ልሔም ሲወጣ እየደወለ ይቀድማል። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ሲያጋጥመኝ ጥርሴን እነክሳለሁ።

የሚያሳዝነኝ ግን ጸናጽልን «የሚንቀጫቀጭ ነገር» አድርጎ መቁጠር ነው። እኔም ከበደለኞቹ አንዱ ነበርኩ። ጎረምሳ ሳለሁ በዚያው የፍልሰታ ሌሊት ከሰልፉ ጫፍ ቆሜ አንዱን ሰጡኝና ባለ በሌለ ኃይሌ ነቀነቅኩት። አጠገቤ የነበሩት መሪጌታ ዜማቸውን ሳያቋርጡ አንጓዬን ያዝ አደረጉኝ። ሲያርፉ ጠጋ አሉና «ልጄ፣ ገብስ እያበጠርህ ነው እንዴ?» አሉኝ። «አዘንብለው፤ ቅጠሉ ራሱ ይውደቅ።»

ነገሩ ይኸው ነው። ጸናጽሉ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ቅጠሎቹ በዘንጉ ላይ ተንሸራተው ከቋሚው ይጋጫሉ፤ ወደ ግራ ሲመለስ እንደገና። ድምፁን የሚያወጣው የብረቱ ክብደት ነው፤ የእጅ ሥራ መልቀቅና መቀበል ብቻ። የሚያንቀጠቅጥ እጅ ቅጠሉ ሳይደርስ ይመልሰዋል፣ ጥርት ያለው ምት ሽርሽርታ ይሆናል።

በእንግሊዝ አገር በእጅ ደወል የሚዘምሩ ማኅበሮች አሉ፤ መነሻቸው የግንብ ደወል ደዋዮች ልምምድ ነው ይባላል። እዚያ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ኖታዎች ብቻ ይይዛል፤ አንዱ ከቀረ ዜማው ይጎድላል። የእኛ በተቃራኒው ነው። ዜማውን ሁሉም በአፉ ይዞታል፤ ጸናጽሉ ኖታ የለውም። ስለዚህ ሃያ ጸናጽል የሚለካው በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ አብሮ በመውደቅ። አንዱ ካዘገየ ከበሮ አይሸፍነውም፤ ከአጥር ውጭ ያለ ሰው እንኳ ይሰማዋል።

ሁልጊዜም አይመታም። በቁም ዜማ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ከዚያ መቋሚያው፣ ጸናጽሉ፣ ከበሮው እየገቡ ከመረግድ ወደ ጽፋት ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል። ቁሙን ያልታገሠ ሰው ጽፋቱ ላይ ደርሶ ሲንቀጫቀጭ ያሳፍራል። ዛሬ ደግሞ ማይክ መጣ፤ ማይኩን ከብረቱ አስጠግተው ከፍ ሲያደርጉት ቅጠሉ እንደ ቆርቆሮ ይጮኻል። ከግድግዳ ላይ ለጌጥ የሰቀሉትን አልወቅስም፤ እነሱ ቢያንስ ዝም አሰኝተውታል።

ጸናጽል በዓለም ላይ አዲስ አይደለም። በጥንት ግብፅ ሐቶርና ኢሲስ የተባሉት እንስት አማልክት አገልጋዮች ይመቱት ነበር። ዳዊት በታቦቱ ፊት ሲያሸበሽብም ተጠቅሷል፤ 2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 6ን ማየት ነው። የዛሬዎቹ ግብፃውያን ኮፕቶች ግን በቅዳሴያቸው የሚጠቀሙት እርስ በርስ የሚጋጩ ሁለት ሳህን መሳይ ብረቶችንና ሦስት ማዕዘን ብረትን ነው። ሰቆጣ ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሚቆመው ደብተራ በእጁ የያዘው በፈርዖኖቹ ዘመን መቃብሮች ግድግዳ ላይ የተሳለው ዕቃ የቅርብ ዘመድ ነው።

ጸናጽሉ በዐቢይ ጾም ከከበሮው ጋር ይሰቀላል፤ ዜማው በመቋሚያ ብቻ ይካሄዳል። እነዚያ መሪጌታ በትንሣኤ ሌሊት ጸናጽላቸውን ሲያወርዱ አይቻለሁ። በነጠላቸው ጫፍ የዘንጉን አቧራ ወለወሉ፤ ከዚያ ማንም ሳይሰማ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፣ አንድ ጊዜ ወደ ግራ አዘነበሉት።