በቀድሞ ፎንቶች የተጻፉ የአማርኛ ጽሑፎችን የፊደል ኮድ ስለ መለየት

1. መግቢያ

አንድ የሥነ ቃል ተማሪ ከዓመታት በፊት ወደ ዱርቤቴና ወደ ቡሬ ገጠሮች ወርዶ የለቅሶ ግጥሞችን ሰበሰበ እንበል። የቀዳውን ድምፅ ወደ ወረቀት፣ ከወረቀትም ወደ ኮምፒዩተር ገለበጠ። ካሴቱ ተበላሽቷል፤ ወረቀቱም የለም፤ የቀረው አንድ ፋይል ብቻ ነው። ፋይሉ ሲከፈት ግን የሚታየው የግእዝ ፊደል ሳይሆን የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ልዩ ልዩ ምልክት ነው። ጽሑፉ ጠፋ ማለት ነውን? አብዛኛውን ጊዜ አልጠፋም፤ የጠፋው ቁልፉ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቁልፉ የሚፈለግበትን መንገድና በፍለጋው ውስጥ የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪው ያለውን ድርሻ ማሳየት ነው።

2. የችግሩ መነሻ

ኮምፒዩተር የሚያስቀምጠው ፊደልን ሳይሆን ቍጥርን ነው። የትኛው ቍጥር የትኛውን ፊደል እንደሚወክል የሚወስነው ሠንጠረዥ የፊደል ኮድ ይባላል። አንድ ባይት ሊይዝ የሚችለው 256 ልዩ ልዩ ዋጋዎችን ነው። የአማርኛ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም። ስለዚህ የቀድሞ ፎንት ሠሪዎች አንዳንዶቹ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈሉት፤ ሌሎቹ የፊደሉን አካልና የድምፅ ምልክቱን ለየብቻ አስቀምጠው በጽሕፈት ጊዜ አገጣጠሙት። ቪዥዋል ግእዝ፣ ፓወር ግእዝ፣ አጋፋሪ፣ ዋሽራ የተባሉትና ሌሎችም በየራሳቸው ሠንጠረዥ ሄዱ። በአንዱ ሀ የሆነው ቍጥር በሌላው ሌላ ፊደል ነው።

ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቁት ሴራ የተባለው ሥርዓት የግእዝን ፊደል በተራ የላቲን ፊደላት መጻፍ የሚያስችል ነበር። ሊብኤት የተባለው የሶፍትዌር ቤተ መጻሕፍትም፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠሩት ዝግጁ የፕሮግራም ስብስብ፣ ልዩ ልዩ ኮዶችን እርስ በርስ ለመለወጥ ታስቦ ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግእዝ ፊደል 345 ቦታዎችን ከሰጠ ወዲህ የጋራ ሠንጠረዥ ተገኘ። ከዚያ በፊት የተጻፈው ግን በነበረበት ቀረ።

3. ኮድ የሚለይባቸው መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ የአጻጻፍ ሕግን መመርመር ነው። ዩቲኤፍ-8 በተባለው የዩኒኮድ አቀማመጥ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ሀ ለምሳሌ 225፣ 136፣ 128 ተብሎ ይቀመጣል። በዋናው የግእዝ ክፍል የመጀመሪያው ባይት ሁልጊዜ 225 ነው፤ ሁለተኛው ከ136 እስከ 141፣ ሦስተኛው ከ128 እስከ 191 ባለው ውስጥ ይወድቃል። በቀድሞ ፎንት የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ ይህን ሕግ በአጋጣሚ ሊያሟላ አይችልም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ይህ ፈተና ዩኒኮዱን ከሌላው በቀላሉ ይለያል።

ፈተናው ካልሠራ ሁለተኛው መንገድ በሰነዱ ውስጥ የፎንት ስም መፈለግ ነው። በዎርድ የተጻፈ ሰነድ አብዛኛውን ጊዜ ስሙን ይዞ ይገኛል፤ ተራ የጽሑፍ ፋይል ግን አይዝም።

ሦስተኛው መንገድ ድግግሞሽን መቍጠር ነው። ሻንጂያን ሊና ካትሱሂኮ ሞሞይ እ.ኤ.አ. በ2001 ለሞዚላ ባቀረቡት ዘዴ የአጻጻፍ ሕግ፣ የፊደላት ድግግሞሽና የጥንድ ፊደላት ቅደም ተከተል በአንድነት ይመዘናሉ። ያንኑ አሠራር ለአማርኛ ብንወስደው፣ እያንዳንዱን የታወቀ ሠንጠረዥ በተራ እየሞከርን የትኛው አማርኛ የሚመስል ጽሑፍ እንደሚሰጥ እናወዳድራለን ማለት ነው። ሳድሳን በብዛት ይታያሉ፤ በስድ ንባብ ውስጥ ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ «ነው» ብሎ በአራት ነጥብ ይዘጋል። በአንቀጽ መጨረሻ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ዓይነት የቍጥር ሰንሰለት ስለዚህ ጥሩ ፍንጭ ነው።

4. ግጥም ሲሆን

ከላይ የተመለከተው ቈጠራ ከጋዜጣ ወይም ከልብ ወለድ የተወሰደ ከሆነ የለቅሶ ግጥም ላይ ሊሳሳት ይችላል። ግጥሙ አጭር ነው፤ «ነው» እያለ አይዘጋም፤ ቃላቱም የዕለት ንግግር ቃላት ብቻ አይደሉም። ነገር ግን ግጥም ስድ ንባብ የሌለው ሌላ ምልክት አለው፤ እርሱም ቤት መምቻው ነው። ፊደሉ ባይነበብም እንኳ በተከታታይ ስንኞች መጨረሻ ላይ አንድ ዓይነት ቍጥር ሲደጋገም ይታያል። ይህ ከሆነ በመጀመሪያ ፋይሉ ግጥም መሆኑን፣ ቀጥሎም ያ ቍጥር አንድ የተወሰነ ፊደል መሆኑን እንረዳለን። ይህን የሚያውቀው ፕሮግራም ሠሪው ሳይሆን የሥነ ግጥም ተማሪው ነው።

5. ስሕተቱ የሚያስከትለው ጕዳት

ፈጽሞ የማይነበብ ውጤት ራሱን ያጋልጣል። አደገኛው በከፊል ትክክል የሆነው ነው። ተቀራራቢ ሠንጠረዦች ከብዙ ፊደላት ላይ ተስማምተው በዲቃላዎቹ ላይ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ሰብሳቢው «ጐጃም» ብሎ የጻፈው «ጎጃም» ሆኖ ቢወጣ ማንም አይጠረጥርም፤ የአጻጻፉ ማስረጃ ግን ጠፍቷል። ሠ እና ሰ፣ ዐ እና አም እንዲሁ ናቸው። ሴራ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል ስለሚለይ፣ አንድ ፕሮግራም ሁሉንም ወደ ትንሽ ከለወጠው ጠ ወደ ተ ይዞራል፤ «ጠፋ» የነበረው «ተፋ» ይሆናል። አልቃሿ ስለ ሟቹ የተናገረችው ቃል ወደ ነውር ተለወጠ ማለት ነው።

6. ማጠቃለያ

የኮድ መለያ ፕሮግራም የሚሰጠው ፍርድ ሳይሆን ግምት ነው። ስለዚህ ዋናው ፋይል ሳይነካ ቅጂው ይመርመር፤ የማይነበበው ገጽ ፈጽሞ «አስቀምጥ» አይባል፤ ፕሮግራሙ ያላወቀውን ሁሉ በጥያቄ ምልክት ከተካው መመለሻ የለውምና። የተጻፈበት ፎንት ስም ከሰብሳቢው ስም፣ ከቦታውና ከቀኑ ጋር ይመዝገብ። የታተመ ቅጂ ካለም ውጤቱ ከርሱ ጋር በስንኝ በስንኝ ይነጻጸር። የብራና ጽሑፍ አጥኚ የጸሐፊውን እጅ ሳይለይ ንባብ እንደማይወስን ሁሉ፣ የሥነ ቃል አጥኚም የፋይሉን ኮድ ሳይለይ ትንታኔ ሊጀምር አይገባውም።