ፊኛን የሚያዝ ሽቦ ስንት ዓመት ይዘልቃል?

የዙሪክ ዩኒቨርሲቲው ፊዚዮሎጂስት ዋልተር ሩዶልፍ ሄስ በድመቶች አንጎል ውስጥ ቀጫጭን ሽቦዎች ተክለው ኤሌክትሪክ ሲልኩ፣ ሽቦው በተወሰኑ ቦታዎች ካረፈ ድመቷ ወዲያው ትሸና ነበር። እ.ኤ.አ. በ1949 የኖቤል ሽልማት ያስገኘላቸውም ይኸው የምርምር ዘርፍ ነው።

ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ግን ከአንጎል ወደ ፊኛ የሚመጣው ትእዛዝ ይቋረጥበታል። ፊኛው ሳይታሰብ ይለቃል፤ አለዚያም ሞልቶ መውጫ ያጣል፣ ግፊቱ ሲበረታም ኩላሊት ይጎዳል። ብዙዎች በቀን ደጋግመው ቱቦ እያስገቡ ሽንታቸውን ያወጣሉ።

እንግሊዛዊው ጃይልስ ብሪንድሊ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ወደ ፊኛ የሚወርዱትን የነርቭ ሥሮች የሚያነቃቃ መሣሪያ በሰው አካል ውስጥ መትከል ጀመሩ። ችግሩ ኤሌክትሪኩ ፊኛውንም መዝጊያውንም አንድ ላይ ማኮማተሩ ነው። ታዲያ ሽንቱ በየት ይወጣል? መዝጊያው ጡንቻ ኤሌክትሪኩ እንደቆመ ይላላል፤ የፊኛው ጡንቻ ግን ዘገምተኛ በመሆኑ ግፊቱን ለጥቂት ሰከንድ ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ እየተቆራረጠ ይላካል፣ ሽንቱም በየእረፍቱ ይፈስሳል። እኔ ከዚህ የተሻለ ብልሃት በዚህ ሙያ አላየሁም።

መሣሪያው በውስጡ ባትሪ የለውም፤ ኃይሉን ከቆዳ ውጭ በሬዲዮ ሞገድ ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ1994 የመጀመሪያዎቹ 500 ታካሚዎች ሁኔታ ሲታተም ከ400 በላይ የሚሆኑት ያኔም ይጠቀሙበት ነበር። የተተከለው ክፍል በአማካይ በ20 ዓመት ገደማ አገልግሎት አንድ ጊዜ ነበር የሚበላሸው። ዋጋው ግን ከባድ ነው፦ ብዙውን ጊዜ ስሜት የሚያመላልሱት የነርቭ ሥሮች ይቆረጣሉ፣ ወንዶችም በንክኪ የሚመጣውን የብልት መቆም ያጣሉ።

ሁለተኛው ዓይነት መሣሪያ ነርቭ አያስቆርጥም። ከወገብ በታች ባለው አጥንት ቀዳዳ በኩል፣ ከዚያው አጥንት የሚወጣው ሦስተኛው ነርቭ አጠገብ ሽቦ ይገባል፣ ባትሪው ከመቀመጫ በላይ ይቀበራል። በዙሪክ ባልግሪስት ሆስፒታል የተመራውና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ጥናት ይህንን የነርቭ ሕመም ባስከተለው የሽንት ችግር ላይ ፈተነው። ከ124 ታካሚዎች የቅድሚያ ሙከራውን ያለፉት 52 በመቶ ናቸው። ከእነሱ 60ዎቹ በዕጣ ተከፍለው ከሁለት ወር በኋላ ሲታዩ፣ መሣሪያው ከበራላቸው 76 በመቶ፣ ከጠፋባቸው 42 በመቶ ተሳክቶላቸዋል።

ውጤቱ ጥሩ ነው፤ ሁለት ወር ግን ለታካሚው ገና መጀመሪያ ነው። ሽቦ ይሸሻል፣ ቁስል ያመረቅዛል፣ ባትሪ ያልቃል። የማይሞላ ባትሪ በየአምስት ዓመቱ ቢያልቅ፣ በ25 ዓመቱ የተተከለለት ሰው 65 እስኪሞላው ሰባት ጊዜ ዳግም ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል። አዳዲሶቹ ኃይል የሚሞሉ ባትሪዎች ቢያንስ ለ15 ዓመት ታስበው የተሠሩ ናቸው፤ እነሱ ከሆኑ ሁለት ጊዜ ይበቃዋል።