የጠፋ ሥራና የተከለከለ አበል

በአሜሪካ የአካል ጉዳት አበል የተነፈጉ ሰዎችን ለዓመታት ሲያንገበግብ የኖረው፣ የሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት «ይህንን መሥራት ትችላላችሁ» እያለ የሚጠቅስላቸው ሥራ ነው። የሚጠቅሰው ለመጨረሻ ጊዜ በ1991 ከታደሰ የሥራ ዓይነቶች መዝገብ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው)። መዝገቡ ውስጥ ለውዝ መራጭና የማይክሮፊልም ሠራተኛ አሉ። በሰኔ 2024 መሥሪያ ቤቱ 114 የሥራ ዓይነቶችን መጥቀሱን ተወ። ፍርድ ቤቶችስ እስከዚያ ድረስ ምን ሲሠሩ ነበር?

የአካል ጉዳት ዋስትናው በ1956 ተደነገገ። የተከለከለ ሰው በቅድሚያ እዚያው መሥሪያ ቤት ውስጥ ይሟገታል፤ ድጋሚ ምርመራ፣ የአስተዳደር ዳኛ ችሎት፣ ከዚያ የይግባኝ ምክር ቤት። ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት የሚኬደው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ የመጨረሻው ደብዳቤ በደረሰ በ60 ቀን ውስጥ ነው። የጠበቃ ክፍያው ከውዝፉ አበል ከ25 በመቶ አይበልጥም፤ የቀረው የሥነ ሥርዓት ዝርዝር ለጠበቆች ይቆይ።

ፍርድ ቤት ተደረሰ ማለት ሕመሙ እንደ አዲስ ይታያል ማለት አይደለም። ምስክር አይሰማም፤ ዳኛው የሚያገላብጠው የሐኪሞችን ወረቀትና የቀድሞውን ችሎት ቃል ነው። ውሳኔው በቂ ማስረጃ ካለው ይጸናል፤ ለዚያ የሚፈለገው ደግሞ ብዙ አይደለም። በ1971 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሪቻርድሰንና ፔራሌስ መዝገብ፣ አመልካቹ ሐኪሙ እንዲጠራለት ካልጠየቀ፣ የሐኪሙ ጽሑፍ ብቻውን ክልከላን ሊያቆም እንደሚችል ወሰነ። እንዲያም ሆኖ ከሚመረመሩት መዝገቦች ግማሽ ገደማው ለድጋሚ ውሳኔ ይመለሳል። ይህ የዳኞቹን ቸርነት ሳይሆን የመሥሪያ ቤቱን ግድፈት ይናገራል።

ከሁሉ የሚያስገርመው የ2003ቱ የባርንሃርትና ቶማስ ጉዳይ ነው። ከሳሿ የሊፍት አንቀሳቃሽ ነበሩ፤ ሥራቸው ተሰረዘ፤ በኋላም የልብና የአከርካሪ ሕመማቸውን ጠቅሰው አበል ጠየቁ። መሥሪያ ቤቱ «የቀድሞ ሥራዎን መሥራት ይችላሉ» አላቸው። «ሊፍት የሚያንቀሳቅስ ሰው የት አለ?» ቢሉም፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ አልተቀበላቸውም። የፍርድ ቤቱ ዳኛ ስካሊያ በጻፉት ፍርድ፣ የቀድሞው ሥራ ዛሬ ይኑር አይኑር መሥሪያ ቤቱ የማጣራት ግዴታ የለበትም። ሕጉን ያነበቡት በሰዋስው ነው፤ ሰዋስውማ ልክ ሊሆን ይችላል፣ ሴትዮዋ ግን የሚሄዱበት ሥራ አልነበራቸውም።

በቺካጎው የይግባኝ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ሪቻርድ ፖስነር ያረጀውን የሥራ ዓይነቶች መዝገብ ደጋግመው ነቅፈዋል። ይሁንና በ2019 ቢስቴክ የተባለ አመልካች ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘንድ ደረሰ። በአስተዳደር ዳኛው ችሎት የመሰከረችው የሥራ ገበያ ባለሙያ 240,000 የመገጣጠምና 120,000 የመለየት ሥራ አለ ስትል፣ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ የሚያሳየውን ጥናት ግን አልሰጥም አለች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ3 ምስክርነቷ ብቻውን በቂ ማስረጃ ሊሆን ይችላል አለ።

እንግሊዝኛ አለመቻል ዕድሜያቸው ለገፋ አመልካቾች ይጠቅም የነበረበት ደንብም በ2020 ተሽሯል፤ ይህ በዋሽንግተን አካባቢ ያሉ አማርኛ ተናጋሪዎችንም ይመለከታል። አስተርጓሚ ግን መሥሪያ ቤቱ በነፃ ያቀርባል። የክልከላ ደብዳቤ የደረሰው ሰው የዘመድን ትርጉም ከመጠበቅ አስተርጓሚውን ይጠይቅ፤ 60ው ቀን መቆጠር ጀምሯል።